የድንጋዩ አዋጅና የጸሐፊው መዝገብ፦ እምነትና መንግሥት በጥንታዊት ሕንድና በጥንታዊት ቻይና

መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1837 በካልካታ የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ጄምስ ፕሪንሴፕ፣ በሰሜን ሕንድ በቆሙ የድንጋይ ዓምዶችና በየቦታው በሚገኙ ቋጥኞች ላይ ተቀርጾ ከሺህ ዓመት በላይ አንባቢ ያጣውን ጽሕፈት ፈትቶ ለማንበብ ቻለ። ጽሕፈቱ የሚናገረው ራሱን "የአማልክት ወዳጅ" እያለ ስለሚጠራ ንጉሥ ነው። ንጉሡ ማን እንደ ነበረ ግን ከድንጋዩ ብቻ ሊታወቅ አልተቻለም፤ በሲሎን ደሴት የቡድሃ መነኮሳት ጠብቀው ያቆዩአቸውን ዜና መዋዕሎች ማገናዘብ አስፈለገ። አሾካ የሚለው የራሱ ስም በግልጽ የተቀረጸበት ድንጋይ በደቡብ ሕንድ ማስኪ በተባለ ቦታ የተገኘው ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። አብዛኛውን የሕንድ ክፍለ አህጉር የገዛው ይህ ንጉሠ ነገሥት በገዛ አገሩ በነገሥታት የስም ዝርዝር ውስጥ ከመጠቀስ ያለፈ ትዝታ አልተረፈለትም ነበር።

አሾካ ከሞተ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ቻይናን አንድ ያደረገው የቺን ንጉሠ ነገሥት ዕጣ ከዚህ ይለያል። የመሠረተው ሥርወ መንግሥት የቆየው 15 ዓመት ብቻ ነው። ሆኖም ሲማ ቺየን የተባለው የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት (ከዚህ በኋላ ቅ.ል.ክ.) በ100 ዓመት ገደማ ባዘጋጀው ታላቅ የታሪክ መዝገብ ውስጥ ስለ ንጉሡ ዘመቻ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ጉዞውና ስለ አሟሟቱ በዝርዝር አስፍሯል። የቻይና የተማረ ክፍል ያንን መዝገብ ሳያነብ ያሳለፈው ዘመን የለም።

በመማሪያ መጻሕፍት ሁለቱ ነገሥታት ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን የሚቀርቡት ለምሳሌነት ነው። አንደኛው ባፈሰሰው ደም ተጸጽቶ ወደ እምነት የተመለሰ ደግ ንጉሥ፣ ሁለተኛው መጻሕፍት ያቃጠለ ጨካኝ ተደርገው ይታያሉ። ከዚህም ተነሥቶ ሕንድ የመንፈስ፣ ቻይና የአስተዳደር አገር ናት እስከማለት ይደረሳል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሌላ ነው። በሁለቱም አገሮች ነገሥታት እምነትን ለግዛታቸው ማጽኛ ፈልገውታል፤ ልዩነቱ የሚመነጨው ከነገሥታቱ ልብ ሳይሆን እምነቱ ከተጠለለበት ቤት ነው። በሕንድ ያ ቤት ገዳሙ ነበር፤ በቻይና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ነበር። ንጉሥ ሲያልፍ ምን እንደሚቀር የወሰነውም ይኸው ነው።

ከግዛቶቹ በፊት

በቻይና እስከ ዛሬ ከተገኙት ጽሑፎች ሁሉ የሚቀድሙት የሻንግ ነገሥታት በበሬ ትከሻ አጥንትና በኤሊ ቅርፊት ላይ ያስጻፏቸው ጥያቄዎች ናቸው። አጥንቱ በእሳት እንዲሰነጠቅ ይደረግና ንጉሡ ወይም ጠንቋዩ ከስንጥቁ የቅድመ አያቶችን መልስ ያነብባል፤ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ፣ ዘመቻው ይሰምር እንደሆነ፣ የንግሥቲቱ ምጥ በደኅና ያልፍ እንደሆነ ይጠየቅበታል። በ11ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ሻንግን ያሸነፉት የዡ ነገሥታት ደግሞ ሥልጣናቸውን የሚያስረዱበት አዲስ ትምህርት አመጡ። ይህም የሰማይ ሹመት ነው። ሰማይ ለመልካም ገዥ ሹመት ይሰጣል፤ ክፉ ሲሆን ይሽረዋል። ሹመትና ሽረት በአንድ ሐሳብ ውስጥ መያዛቸው ለኋላው ታሪክ ትልቅ ፍሬ ነገር ነው፤ ለነባሩ መንግሥት ክብር የሚሰጠው ትምህርት ለሚገለብጠውም ሰው ምክንያት ሊሆን ይችላልና።

በሕንድ የቬዳ ዘመን ሥርዓት በብራህማን ካህናት በሚፈጸም መሥዋዕት ላይ የቆመ ነበር። ንጉሥ መሥዋዕቱን የሚያስደርግና የሚከፍል እንጂ የሚፈጽም አልነበረም። ክህነት የዘር ርስት ስለ ነበረ ንጉሥ ሊሾምበትም ሊሽርበትም አይችልም። በ6ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. በጋንጀስ ወንዝ ሸለቆ ከተሞች ሲያድጉ ይህን የመሥዋዕት ሥርዓት የተቃወሙ፣ ቤታቸውንና ርስታቸውን ትተው የሚዞሩ መምህራን በዙ። ቡድሃና የጃይን እምነት መምህር ማሃቪራ ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ከ551 እስከ 479 ቅ.ል.ክ. የኖረውን ኮንፊሽየስን ከእነዚህ ጋር ማነጻጸር ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። ቡድሃ ከመሳፍንት ቤት ወጥቶ ሄደ፤ በእምነቱ መጻሕፍት እንደሚተረከው ነገሥታቱ ምክር ፍለጋ ወደ እርሱ ይመጡ ነበር። ኮንፊሽየስ ግን ሹመት የሚሰጠው መስፍን ፍለጋ ከግዛት ወደ ግዛት ዞረ፤ የሚፈልገውን ባያገኝም ትምህርቱ ፍጻሜ የሚያገኘው በመንግሥት ሥራ መሆኑን አልተጠራጠረም። የአንደኛው ተከታይ ከዓለም የወጣ መነኩሴ ሆነ፤ የሁለተኛው ተከታይ ሹመት የሚጠባበቅ ምሁር ሆነ።

አሾካ በድንጋይ ላይ

አሾካ ከአያቱ ከቻንድራጉፕታ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋውን የማውርያ መንግሥት በ268 ቅ.ል.ክ. ገደማ ወረሰ። አዋጆቹ ዛሬ አፍጋኒስታን ከምትባለው አገር እስከ ደቡብ ሕንድ ካርናታካ ድረስ ተገኝተዋል። በነገሠ በስምንተኛው ዓመት በምሥራቁ የባሕር ጠረፍ የምትገኘውን ካሊንጋን ወጋ። ስለዚህ ጦርነት የምናውቀው ራሱ በ13ኛው የቋጥኝ አዋጁ ካስጻፈው ነው፦ 150,000 ሰዎች ተግዘው ተወሰዱ፣ 100,000 ተገደሉ፣ ከዚያም ብዙ እጥፍ የሚሆኑ አለቁ። የጥንት ነገሥታት የገደሉትን ሰው በቁጥር የሚያስቀርጹት ለመመካት ነው። አሾካ ግን በሆነው ነገር ማዘኑን፣ ከእንግዲህ የሚሻው ድል በዳርማ የሚገኘውን ድል መሆኑን ለማስታወቅ አስቀረጸው።

አዋጁ በተለይ ሊነበብ የሚገባው ከሚለው ጋር ከቆመበት ቦታ አንጻር ነው። በካሊንጋ ምድር በዳውሊና በጃውጋዳ ቋጥኞች ላይ የአሾካ አዋጆች በተርታ ተቀርጸው ሳለ 13ኛው የለም። በምትኩ ለአካባቢው ሹማምንት የተላኩ ሁለት ልዩ አዋጆች ገብተዋል። በእነዚህም ንጉሡ ሕዝቡን ሁሉ እንደ ልጆቹ እንደሚያይ ይናገራል፤ ሰው ያለ ጥፋቱ እንዳይታሰርና እንዳይንገላታ ያዝዛል። ስለዚህ በሩቅ ያሉ ሕዝቦች የንጉሡን ጸጸት በድንጋይ ላይ ሲያገኙ፣ ጸጸቱ የሚመለከታቸው የካሊንጋ ሰዎች አላገኙትም። በዚያው በ13ኛው አዋጅ ላይም ለጫካ ነዋሪዎች የተላለፈ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ንጉሡ ቢጸጸትም ኃይሉ እንዳለ መሆኑን እንዲያውቁ ያሳስባል። በእኔ አስተያየት ይህ ጸጸቱን ሐሰት አያደርገውም። አሾካ መነኩሴ እንዳልሆነ፣ ሲጸጸትም ሲያስተምርም ንጉሥ ሆኖ እንደ ነበረ ግን ያሳያል።

ዳርማ ብሎ ያስተማረውም የቡድሃን ሃይማኖት በሙሉ አይደለም። ራሱ የቡድሃ እምነት ተከታይ እንደሆነ በሌሎች ጽሑፎቹ በግልጽ ይናገራል፤ ለሕዝብ ባወጣቸው ዋና ዋና አዋጆች ውስጥ ግን ስለ ኒርቫና አንድም ቃል የለም። የሚገኙት ለወላጆች መታዘዝ፣ ለባሪያና ለአገልጋይ መራራት፣ ለብራህማንና ለባሕታዊ መመጽወት፣ ነፍስ ካለው ነገር እጅን መሰብሰብ ናቸው። 12ኛው አዋጅ የራሱን ሃይማኖት ለማክበር ሲል የሌላውን የሚነቅፍ ሰው የሚጎዳው የራሱኑ እንደሆነ ያስተምራል። የመጀመሪያው አዋጅ ደግሞ ወደ ንጉሡ ወጥ ቤት ያስገባናል፤ ቀድሞ ለወጥ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሺህ እንስሳት ይታረዱ እንደ ነበር፣ አሁን ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን ብቻ እንደቀሩ፣ አጋዘኑም ሁልጊዜ እንደማይታረድ፣ ወደፊትም ሦስቱ እንደሚቀሩ ይነግረናል። የገዛ ምግቡን ጉድለት እንዲህ ለሕዝብ የሚያስታውቅ ንጉሥ ምሳሌነቱ እንዲታይለት አጥብቆ የፈለገ መሆን አለበት።

አዋጆቹ በየአካባቢው በሚታወቅ ጽሕፈትና ቋንቋ ተቀርጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 በካንዳሃር የተገኘው በግሪክኛና በአረማይክ የተጻፈ ነው፤ ግሪክኛው ዳርማን ለአማልክት የሚገባ አክብሮት በሚል ቃል ይተረጉመዋል። በአክሱም የኢዛናን ድንጋይ ያየ አንባቢ፣ አንድን የንጉሥ ቃል በተለያየ ቋንቋ የማስቀረጽን ዓላማ ለመረዳት አይቸገርም። ለካሊንጋ በተላኩት ልዩ አዋጆች ላይ ጽሑፉ በተወሰኑ ቀናት እየተነበበ እንዲሰማ ታዟል። ብዙው ሰው ማንበብ በማይችልበት አገር ድንጋዩ የሹሙ ማስታወሻ ነበር፤ ለሕዝቡ የሚደርሰው በድምፅ ነው።

ከዚህ ላይ ነው ጥያቄያችን የሚነሣው። አሾካ ከነገሠ ከ13 ዓመት በኋላ የዳርማ ሹማምንት የሚባሉ ባለሥልጣናትን አቋቁሟል። እነዚህ በሁሉም የሃይማኖት ወገኖች መካከል እየተዘዋወሩ የሚሠሩ፣ እስረኞችን የሚጎበኙ፣ የንጉሡን ቤተሰብ ምጽዋት የሚያከፋፍሉ ነበሩ። ትምህርትን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የማኖር ሙከራ በሕንድም ተጀምሮ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን በ185 ቅ.ል.ክ. ገደማ የመጨረሻው የማውርያ ንጉሥ በገዛ የጦር አዛዡ በፑሽያሚትራ ተገደለ። ፑሽያሚትራ ብራህማን ነበረ፤ ጥንታዊውን የፈረስ መሥዋዕትም አስደረገ። ከዚያ ወዲያ በሕንድ የነገሠ ማንም የአሾካን የዳርማ መሥሪያ ቤት አላስቀጠለም።

መሥሪያ ቤቱ ሲጠፋ ገዳሙ ቀረ። ገዳሙ የራሱ ደንብ፣ የራሱ መሪዎች፣ የራሱ ለጋሾች ነበሩት። ሳንቺ በተባለው ስፍራ ታላቁን የቡድሃ ንዋየ ቅድሳት ጉልላት የሚከብበው የድንጋይ አጥርና ደጆቹ የተሠሩት ከአሾካ በኋላ ሲሆን በላያቸው የሰጪዎቹ ስም ተቀርጿል፦ ነጋዴዎች፣ ሴቶች፣ መነኮሳትና መነኮሳይያት፣ ከአጎራባቿ ከቪዲሻ ከተማ የመጡ የዝሆን ጥርስ ሠራተኞች። አንዱ የሰጠው ምሰሶ ነው፤ ሌላው የሰጠው አንድ አግዳሚ ድንጋይ ነው። የንጉሥ ስጦታ ብቻውን ለእምነት ዋስትና እንዳልሆነም ከዚያው ከአሾካ ስጦታዎች እንረዳለን። በቢሃር ባራባር ኮረብታ ከቋጥኝ የተፈለፈሉና እንደ መስተዋት የተወለወሉ ዋሻዎችን አጂቪካ ለተባሉ ባሕታውያን ሰጥቷል። ዋሻዎቹ እስከ ዛሬ አሉ። የአጂቪካ ሃይማኖት ግን ጠፍቷል፤ ከመጻሕፍታቸው አንዱ እንኳ አልተረፈም፤ ስለ እነርሱ የምናውቀው በአብዛኛው ተቀናቃኞቻቸው ከጻፉት ነው።

አንድ የቺን ሹም ከነመዝገቡ

የቺን መንግሥት ከሌሎቹ ስድስት ተፋላሚ መንግሥታት በላይ ለመሆን የበቃው በ4ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ሻንግ ያንግ በጀመረው ለውጥ ነው። ቤተሰቦች በአምስትና በዐሥር እየተቧደኑ አንዱ ለሌላው ጥፋት ተጠያቂ ሆነ፤ የጦር ሜዳ ጀብዱ በማዕረግ ተከፈለ። ሕጋውያን የሚባሉት የዚህ ትምህርት ሊቃውንት መንግሥት በገዥው ደግነት ላይ ሳይሆን በታወቀና ለሁሉም እኩል በሆነ ሕግ ላይ መቆም አለበት ይሉ ነበር። በ221 ቅ.ል.ክ. ቺን ሁሉንም አጠቃለለ፤ ጽሕፈት፣ ሚዛንና መስፈሪያ፣ የሠረገላ ጎማዎች ስፋት ሳይቀር አንድ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ አሾካ በድንጋይ ላይ አስጽፏል። ሆኖም የቺን ድንጋዮች የቆሙት ታይ በተባለው ቅዱስ ተራራና በሌሎች ከፍተኛ ስፍራዎች ሲሆን የሚናገሩትም አገር አንድ በመሆኗ ስለ ንጉሡ ክብር ነው። ከመንገደኛው ይልቅ ለሰማይና ለተራራ መናፍስት የተጻፉ ይመስላሉ።

በ213 ቅ.ል.ክ. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ሲ በየሰዉ ቤት ያሉ የጥንት ታሪክና ቅኔ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አስወሰነ። የመድኃኒት፣ የጥንቆላና የእርሻ መጻሕፍት እንዲተርፉ ተፈቀደ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሌላ ነው፤ በቤተ መንግሥት ሹመት ያላቸው ሊቃውንት እጅ የነበሩት ቅጂዎች አልተነኩም። ስለዚህ ቃጠሎው ዕውቀትን ፈጽሞ የማጥፋት ሳይሆን በመንግሥት ደጅ ብቻ እንዲገኝ የማድረግ እርምጃ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ቅጂዎች ብዙዎቹ የጠፉት ቺን ሲወድቅ ዋና ከተማዋ በድል አድራጊዎች በተቃጠለችበት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

የቺንን ሥርዓት ከተራ ሹም ዓይን እንድናይ ያደረገን እ.ኤ.አ. በ1975 በሁቤይ አውራጃ ሹዊሁዲ በተባለ ስፍራ የተገኘ መቃብር ነው። የተቀበረው ሺ የተባለ፣ በ217 ቅ.ል.ክ. ገደማ የሞተ የወረዳ ጸሐፊ ነበር። በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ከአስከሬኑ ዙሪያ ከ1,100 በላይ የተጻፈባቸው የቀርከሃ ስንጥሮች ተገኙ። አብዛኞቹ ሕግ ናቸው፤ ስለ ጎተራ፣ ስለ መሣሪያ፣ ስለ ወንጀል ምርመራ ይደነግጋሉ። አንዱ አንቀጽ ለመንግሥት የእርሻ በሬ የወገብ ልክ ይደነግጋል፤ በሬው በሥራ ከስቶ ልኩ ከቀነሰ ኀላፊው በቀነሰው በእያንዳንዱ ጣት ዐሥር ጊዜ ይገረፋል።

ከሕጉ ጋር የተቀበሩት ሌሎች ጽሑፎች ደግሞ የሕጋውያን መንግሥት ሹም በሕግ ብቻ እንዳልኖረ ያስረዳሉ። ከእነዚህ አንዱ መልካም ሹም ሊኖረው የሚገባውን ጠባይ የሚዘረዝር ነው፤ ታማኝነትን፣ ለሕዝብ መራራትንና ትሕትናን ያስተምራል፤ የኮንፊሽየስ ወገን የጻፈው ቢባል የሚጠራጠር የለም። ሁለቱ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ናቸው። ለጋብቻ፣ ለመንገድ፣ ቤት ለመሥራት የሚቀናውንና የማይቀናውን ቀን ይነግራሉ፤ ቤት ውስጥ የገባ ጋኔን በኮክ እንጨትና በመሳሰለው እንዴት እንደሚባረር ያሳያሉ። ሺ የበሬውን ወገብ ሲለካ ውሎ ማታ ለመንገዱ ቀን የሚቆጥር ሰው ነበረ። ሕጋዊ፣ ኮንፊሽያዊ፣ ዳኦኢስት እያልን በመጻሕፍት የምንለያቸው ትምህርቶች በአንድ ሣጥን ውስጥ ተኝተዋል።

ይኸው መቃብር ቺንን የምናውቅበትን መዝገብ ራሱን እንድንጠይቅ ያስገድደናል። በ209 ቅ.ል.ክ. ቺንን ያናወጠው ዐመፅ የተነሣው፣ ሲማ ቺየን እንደሚተርከው፣ ወደ ጠረፍ ጥበቃ ይጓዙ የነበሩ 900 ሰዎችን ዝናብ መንገድ ስለዘጋባቸውና የመዘግየት ቅጣቱ ሞት ስለ ነበረ ነው። በሹዊሁዲ የተገኘው የጉልበት ሥራ ሕግ ግን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ለዘገየ ተግሣጽ፣ እስከ ዐሥር ቀን ለዘገየ የአንድ ጋሻ ዋጋ መቀጫ፣ ከዚያ በላይ ለዘገየ የአንድ ጥሩር ዋጋ መቀጫ ይደነግጋል፤ ዝናብ ከሆነም ግዴታው ይቀራል። የጉልበት ሥራና የጠረፍ ዘመቻ አንድ ስላልሆኑ ሕጉ የሲማ ቺየንን ትረካ በቀጥታ አያፈርሰውም። ነገር ግን የቺን ታሪክ የደረሰን በተተካው በሃን መንግሥት ጸሐፊ እጅ መሆኑን፣ ሃን ደግሞ ለራሱ የሰማይ ሹመት ማስረጃ የሚሆን ክፉ ቀዳሚ ያስፈልገው እንደ ነበር ልብ ሊባል ይገባል።

የሰማይ ምልክትና የደመወዝተኛ ሊቅ

ሃን የቺንን አስተዳደርና ከሕጉ አብዛኛውን ወረሰ። ከ141 እስከ 87 ቅ.ል.ክ. የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ዉ በዚህ ላይ የጨመረው የቃላት ሥልጣን ነው። በ136 ቅ.ል.ክ. በቤተ መንግሥቱ የሚሾሙት ሊቃውንት ኮንፊሽያውያን የሚያከብሯቸውን አምስቱን ጥንታውያን መጻሕፍት የሚያስተምሩ ብቻ እንዲሆኑ ወሰነ፤ በ124 ቅ.ል.ክ. ለእነዚህ ሊቃውንት 50 ደቀ መዛሙርት ተመድበው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የተማሪዎቹ ቁጥር 3,000 ደርሷል። የሊቃውንቱ ሹመት የተጀመረው በቺን ዘመን ነው፤ መጽሐፍ ካቃጠለው መንግሥት የተወረሰ ቤት የመጽሐፍ ማስተማሪያ ሆነ።

ንጉሡ ራሱ ኮንፊሽያዊ ብቻ አልነበረም። ያለመሞትን ምስጢር እናውቃለን የሚሉ ሰዎችን በገንዘብ ይደግፍ ነበር፤ በ110 ቅ.ል.ክ. ታይ ተራራ ላይ ወጥቶ ታላቁን የሰማይ መሥዋዕት አቀረበ፤ ጨውና ብረትን የመንግሥት ሞኖፖል ሲያደርግም የተከተለው የሕጋውያንን መንገድ ነው።

የዚህ ሥርዓት ጥቅምና ዋጋ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ይታያል። ዶንግ ዦንግሹ በዘመኑ ከነበሩት የኮንፊሽየስ ተከታዮች ሁሉ ስመ ጥር ነበር። ሰማይና የሰው ሥራ የተያያዙ ናቸው፣ ንጉሥ ሲያጠፋ ሰማይ በግርዶሽ፣ በጎርፍና በቃጠሎ ያስጠነቅቀዋል ብሎ ያስተምር ነበር። የሹመትና የሽረት ጥንታዊ ትምህርት በእርሱ እጅ ሊቃውንት ንጉሥን ሊገሥጹበት የሚችሉበት መሣሪያ ሆነ። በ135 ቅ.ል.ክ. የሥርወ መንግሥቱ መሥራች መታሰቢያ ቤተ አምልኮ ሲቃጠል ዶንግ የእሳቱን ትርጉም በቤቱ ጻፈ። ረቂቁን አንድ ባላንጣው ሰርቆ ለንጉሡ አቀረበው። ንጉሡም ሊቃውንቱን ሰብስቦ አሳያቸው፤ ከመካከላቸው የዶንግ የራሱ ደቀ መዝሙር የመምህሩ ጽሑፍ መሆኑን ሳያውቅ ፍጹም ስንፍና ነው ብሎ ፈረደ። ዶንግ ሞት ተፈረደበት፤ ንጉሡ በምሕረት ለቀቀው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሰማይ ምልክት ሊናገር አልደፈረም።

የዳርማ ሹማምንት ከአሾካ ጋር ሲጠፉ የሃን ሊቃውንት ከሥርወ መንግሥቱ ውድቀት በኋላም የተተካውን ሁሉ ያገለገሉት አዲሱ ገዥ ስለሚያስፈልጉት ነው። ግብር የሚሰበስበው፣ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ የቀደመውን መንግሥት ታሪክ የሚያዘጋጀው እነርሱ የሚያሠለጥኑት ጸሐፊ ነበረ። ዋጋው ደግሞ ንጉሥን የሚገሥጸው አፍ የንጉሥን ደመወዝ የሚበላ መሆኑ ነው።

መነኩሴ ለንጉሥ ይሰግዳልን?

ሁለቱ ሥርዓቶች የተገናኙት በመካከለኛው እስያ በኩል ነው። ከሰሜን ሕንድ እስከ መካከለኛው እስያ የተዘረጋውን የኩሻን ግዛት የገዛው ካኒሽካ የቡድሃን ምስል ከግሪክ፣ ከኢራንና ከሕንድ አማልክት ጋር በወርቅ ሳንቲሞቹ ላይ አስቀርጿል። የኩሻን ወርቅ ምን ያህል ሩቅ እንደተጓዘ ለማወቅ ከአገራችን መውጣት አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ1940 በደብረ ዳሞ ገዳም የካኒሽካ የራሱ የሚገኙበት ከ100 በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። በየብስ መንገድ ደግሞ ከነጋዴዎች ጋር መነኮሳት ይጓዙ ነበር። ከፓርትያ የመጣው አን ሺጋዎ እ.ኤ.አ. በ148 ሉዎያንግ ደርሶ የቡድሃን መጻሕፍት ወደ ቻይንኛ መተርጎም ጀመረ።

ገዳም ለቻይና መንግሥት አዲስ ነገር ነበር። መነኩሴ ቤተሰቡን ትቶ ስለወጣ የቅድመ አያት መሥዋዕት አያቀርብም፤ ግብር አይከፍልም፤ ለጉልበት ሥራ አይጠራም። በ5ኛው መቶ ዓመት መባቻ የደቡብ ቻይና ባለሥልጣን ሁዋን ሹዋን መነኮሳት ለንጉሥ ሊሰግዱ ይገባል የሚል ጥያቄ አነሣ። ሉ በተባለው ተራራ ይኖር የነበረው መነኩሴ ሁዪዩዋን ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ404 ባዘጋጀው ድርሰት በቤቱ የሚኖር የቡድሃ አማኝ ለንጉሥና ለወላጆቹ መታዘዝ እንዳለበት፣ ከቤት የወጣው ግን በዓለሙ ሥርዓት ስር እንዳልሆነ አስረዳ። ሁዋን ሹዋን ሐሳቡን ትቶ ነበር። የቻይና መንግሥት ግን ጥያቄውን አልተወውም፤ ከጊዜ ወደ ጊዜ መነኮሳትን የሚመዘግብ፣ ቁጥራቸውን የሚወስን፣ አለቆቻቸውን የሚሾም መሥሪያ ቤት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ845 የታንግ ንጉሠ ነገሥት ዉዞንግ ገዳማት እንዲፈርሱ ሲያዝዝ በአዋጁ ላይ 4,600 ገዳማት መፍረሳቸው፣ 260,500 መነኮሳትና መነኮሳይያት ወደ ግብር ከፋይነት መመለሳቸው ተቆጥሮ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሊጻፍ የሚችለው መነኩሴው ሁሉ አስቀድሞ በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው።

በዚያ ሁሉ መካከል የአሾካ ስም ከሕንድ ይልቅ በቻይና ይበልጥ ይከበር ነበር። የሚታወቀው ግን በገዳም አፈ ታሪክ እንጂ በአዋጁ አይደለም። የስዊው ንጉሠ ነገሥት ወን እ.ኤ.አ. በ601 የቡድሃን ንዋየ ቅድሳት በ30 አውራጃዎች ሲያከፋፍል የአሾካን አርአያ መከተሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ399 ከቻይና ተነሥቶ ሕንድ የገባው መነኩሴ ፋሺየን በቀድሞዋ የማውርያ ዋና ከተማ በፓታሊፑትራ የአሾካን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አይቷል፤ የሠሩት መናፍስት እንደሆኑ ተነግሮት እንደዚያው ጻፈ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሹዋንዛንግ በዚያው አገር ሲዞር ከከተማ ከተማ ያለውን ርቀት፣ የገዳማቱን አቅጣጫ፣ የዓምዶቹን ቦታ እየመዘገበ ሄደ፤ ሲመለስ የጉዞውን መጽሐፍ ያዘጋጀው በታንግ ንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ነበር። የሕንድ ገዳማት ፈርሰው አፈር ከለበሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1861 የሕንድን የመንግሥት አርኪኦሎጂ ጥናት የመሠረተው አሌክሳንደር ካኒንግሃም የናላንዳን ገዳምና ሌሎች ጥንታዊ ስፍራዎችን ለመለየት የተጠቀመው በዚያ የሹዋንዛንግ መዝገብ ነው፤ በየገጹ የሰፈሩትን ርቀቶች ወደ ማይል እየለወጠ መንገዱን ተከተለ።